ካሜራውን ከመድረኩ ላይ መልሱት

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በመቻራ የገበያ ቀን ያነሣኋቸውን አርባ ሰባት ፎቶግራፎች ማታ በማረፊያ ክፍሌ ጋደም ብዬ ስመለከት አንድ ነገር ታዘብሁ። ሰማዩ አምሯል። የቆርቆሮው ጣሪያ ያብረቀርቃል። የቡናው ጆንያ፣ የጫቱ እስር፣ የፕላስቲክ ባልዲው ቀለም ሁሉም በየቦታው አለ። የገበያተኛው ፊት ግን ከአርባ ሰባቱ በሠላሳ ያህሉ ላይ የለም። ከሻሽና ከኮፍያ በታች የከሰል ቁራሽ የመሰለ ጥላ ብቻ ይታያል፤ ዐይን የለ፣ ፈገግታ የለ፣ ዕድሜ የለ። የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ሰው ሙሉ ቀን ደክሞ ያመጣው ማስረጃ ይህ ነው፦ ሰው የሌለበት ገበያ።

ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት ሲጽፍ የምናውቀው ሰው ዛሬ ስለ ካሜራ ምን አገባው የምትሉ አንባብያን እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የዚህች አገር ፖለቲካ ከመቶ ዓመት በላይ በፎቶግራፍ ሲሠራና ሲፈርስ የኖረ መሆኑን የሚዘነጋ ሰው ስለ ፖለቲካዋም ብዙ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

እስቲ ከቅርብ እንጀምር። ከጭሮ በስተ ምሥራቅ ወደምትገኘው ሐረር የገባው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1875 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1883) ከሊዮን ያስመጣው ካሜራ ነበረው። ሥራው ቡናና ቆዳ መነገድ ነበር። ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ውስጥ የራሱን ምስል አስገብቶ፣ ለማጠቢያ የሚጠቀምበት ውኃ መጥፎ በመሆኑ ሥዕሉ ሁሉ እየነጣበት እንደ ተቸገረ ይነግራታል። ከእጁ የተረፉት ፎቶግራፎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከነሱ አንዱ ለሸቀጥ የሚሆን የቆዳ ከረጢት የሚሠራ የሐረር ሰው ነው። ያ ሰው ስሙ አይታወቅም። ያነሣውን ሰው ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ቤተ መንግሥት ገባ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ከዳግማዊ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሥታቱን መልክ ለትውልድ አቆዩ። ካሜራ ዙፋን ሊያጸና እንደሚችል ሁሉ ሊያናውጥም እንደሚችል የታየው ደግሞ በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ጳጳሱ ከሥልጣን ሲያወርዷቸው ኢያሱ ያሉት ሐረር ነበር። ጥምጣም ጠምጥመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሃይማኖታቸውን ለመለወጣቸው ማስረጃ ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ዞረ፣ ፎቶግራፉም በብልሃት የተቀነባበረ እንደ ነበር በሰፊው ሲነገር ኖሯል። የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ያን ጊዜ በአገሩ ካሜራ የነበራቸው ሰዎች እጅግ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ‹‹እኔም በዚያ ቀን ነበርሁ፤ እንዲህ ለብሰው አላየኋቸውም፤ ያነሣሁትም ይኸው›› ብሎ ሌላ ሥዕል የሚያቀርብ አልነበረም።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በምስል ተሸኙ። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም የቤተ መንግሥቱ ድግስ ከሚታይባቸው ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው፤ ንጉሡ በማግሥቱ ወረዱ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ዓለምን አስለቀሰ። ስለዚያ ምስል ክፉ ለመናገር አልደፍርም፤ ብዙ ነፍስ አድኗል። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢትዮጵያ ማለት ለውጭው ዓለም ያ ሥዕል ሆነ፤ እኛም ለአርባ ዓመት ‹‹እንዲያ አይደለንም›› እያልን ስንጮህ ኖርን። በጩኸት ፈንታ ሌላ ሥዕል ማቅረብ እንደሚሻል የገባቸው ጥቂቶች ናቸው። ከነሱ አንዷ አይዳ ሙሉነህ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዐውደ ርእይ በአዲስ አበባ ጀመረች።

ዛሬ ጉዳዩ ተለውጧል። ካሜራ በየኪሱ ነው። የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሠራ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ነበር፤ አንዷን ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ ሃያ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ የሥዕሉም ጥራት አንድ መቶ ነጥብ በአንድ መቶ ነጥብ ብቻ ነው። አሁን የመቻራ የባጃጅ ነጂ የያዘው ስልክ ከዚያ ከሺህ እጥፍ በላይ ያያል። ታዲያ ይህ ሁሉ ዐይን ምን እያየ ነው?

መድረክ እያየ ነው። የፈለጋችሁትን የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የፈለጋችሁትን ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ ገጽ ክፈቱ። ከኋላ የተወጠረ ባነር፣ ከፊት በረድፍ የተቀመጡ ኃላፊዎች፣ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃና የፕላስቲክ አበባ፣ አንድ ሰው ማይክራፎን ይዞ ቆሟል። የጭሮው ከባሌው፣ የባሌው ከጎንደሩ የሚለየው በባነሩ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለ ቡና ምርት ማደግ በተዘገበ ዜና ላይ ቡና የለም፤ ስለ ውኃ በተጻፈው ላይ ቧንቧ የለም። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። በስልኬ ውስጥ ያሉትን የሥራ ፎቶግራፎች አንድ ቀን ብቆጥራቸው ከዐሥሩ ዘጠኙ የስብሰባ ነበሩ።

ቋንቋችንም ያግዛል መሰለኝ። አማርኛ ‹‹ፎቶ ተነሣ›› ይላል፤ ተቀምጦ የነበረውም እንደ ተባለው ይነሣል። ጠጁን ያስቀምጣል፣ ልጁን ከጭኑ ያወርዳል፣ ሳቁን ይውጣል፣ እጁን ከጎኑ አጣብቆ ይቆማል። የምንወደው ሰው ከነሕይወቱ ጠፍቶ በምትኩ ሰልፈኛ ይቀርልናል። ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር እንግዲህ ይህ ነው፦ ሰው ሲነሣላችሁ አንዷን አክብራችሁ አንሱለት፤ ‹‹በቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ›› በሉት፤ ከዚያ ካሜራውን ሳትመልሱ ቆዩ። ወደ ወሬው ሲመለስ የሚመጣው ፊት የሱ ፊት ነው።

ወደ መቻራው ጨለማ ፊት ልመለስ። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። ካሜራ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ብሩህ ሰማይና የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ከሞላበት ‹‹ብርሃን በዛ›› ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊትም አብሮ ይጨልማል። በተቃራኒው የጠቆረ የጭቃ ግድግዳ ሥር የቆመ ጠይም ሰው ስታነሡ ‹‹ጨለመ›› ብሎ ያነጣዋል፤ ቆዳው አመድ የነፋበት ይመስላል። መፍትሔው የአንድ ጣት ሥራ ነው። በስልኩ ገጽታ ላይ የሰውየውን ፊት ንኩ፤ በብዙዎቹ ስልኮች የፀሐይ ምልክት ይወጣል፤ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትስቡት ይደምቃል፣ ወደ ታች ስትስቡት ይጠቁራል። ፊቱ በዐይናችሁ የምታዩትን እስኪመስል አስተካክሉት፤ ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ። የመጣችሁት ለሰማይ አይደለም።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ፖለቲካ ነው። የቀለም ፊልም በነበረበት ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ‹‹ሸርሊ ካርድ›› በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር። የሷ ቆዳ አምሮ ከወጣ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት ነው። ጠቆር ያለ ሰው ከነጭ ጋር አብሮ ሲነሣ ጥርሱና ዐይኑ ብቻ የሚታየው ፊልሙ ለሱ ስላልተቀመመ ነው። ካርዱን ባጠኑት ምሁራን ጽሑፍ እንደ ተገለጸው ኮዳክ ቡናማ ቀለምን አሻሽሎ ለማውጣት ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የሸቀጣቸው መልክ ጠፋብን ብለው ቅሬታ ስላቀረቡ ነው። የሰው ቅሬታ ያን ያህል አልተሰማም። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የፖላሮይድ ካሜራ ለጥቁሮች የይለፍ ደብተር ፎቶግራፍ ሲያገለግል ቆይቶ፣ የኩባንያው ጥቁር ሠራተኞች ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1970 አድማ አስነሡ፤ ኩባንያው አገሪቱን ለቆ የወጣው በ1977 ነው። አሁን አንዳንድ የስልክ አምራቾች የጠይምና የጥቁር ቆዳን ቀለም በትክክል ለማውጣት እንደሚተጉ ያስተዋውቃሉ፤ ጉግል ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እኛ ግን እስኪያርሙልን መጠበቅ የለብንም፤ ጣት አለን።

ቀጥሎ የፀሐይ ነገር። የውጭ መጻሕፍት ‹‹ወርቃማው ሰዓት›› እያሉ ስለ ማለዳና ስለ ምሽት ብርሃን ያወራሉ፤ ተማሪዎቼም አንብበው ይደግሙልኛል። እነዚያ መጻሕፍት የተጻፉት ፀሐይ በሰያፍ ቀስ ብላ በምትጠልቅበት አገር ነው። መቻራ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስምንት ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ናት፤ እዚህ ፀሐይ የምትወጣውም የምትገባውም ቀጥ ብላ ነው። ያ ለስላሳ፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን እዚህ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ተራራ ከከለለው ደግሞ ያጥራል። ሰዓት የምትሉት ነገር የለም። ቡና እየጠጣችሁ ከዘገያችሁ አመለጣችሁ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል፣ የቅንድቡ ጥላ ዐይኑን ይጋርዳል። በኅዳርም ቢሆን፣ እኔ በተሳሳትሁበት ወር፣ ለባለ ኮፍያ ምሕረት የላትም።

ታዲያ ገበያ የሚደምቀው እኩለ ቀን ላይ ሆኖ ጀማሪ ምን ያድርግ? ጥላ ይፈልግ። የሱቅ በረንዳ፣ የዋርካ ሥር፣ የሸራ ድንኳን ጠርዝ። ሰውየው ከጥላው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ፊቱን ወደ ውጭው ብርሃን ሲያዞር ከመንገዱ አፈር ላይ የሚነጥረው ብርሃን ከታች ወደ ላይ ፊቱን ያበራዋል። ቀላ ያለው የሐረርጌ አፈር ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንዲት ቡና ሻጭ ከፀሐይ ሸሽታ ሸራ ሥር ስትገባ ሳላስበው አንድ ጊዜ ተጭኜ ነው። ከአርባ ሰባቱ ያቺ ብቻ ተረፈች ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌላውን በአጭሩ ላሳልፈው። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ፤ ግማሹ ‹‹ካሜራዬ አይረባም›› የሚል ቅሬታ የጣት ቅባት ነው። በጣታችሁ ዙም ከማድረግ በእግራችሁ ቅረቡ፤ በጣት የሚደረገው ዙም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ሥዕል ቆርጦ ማሳደግ እንጂ መቅረብ አይደለም። በሜጋፒክሰል ቁጥር አትታለሉ፤ ዐሥራ ሁለት ሜጋፒክሰል ሠላሳ አራት በሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር በሆነ ወረቀት ላይ በጥራት ይታተማል፤ ከዚያ የሚበልጥ ማተሚያ ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

መቻራ ሄዳችሁ ብርሃንን የምትማሩበት ሌላ ቦታ ዋሻው ነው። በአካባቢው እንደ አቸሬ፣ ሩኬሳና ጎዳ ሜአ ያሉ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ ምሁር አስፋወሰን አሥራትና የውጭ ባልደረቦቻቸው በውስጣቸው የሚንጠባጠበው ውኃ የሠራቸውን የድንጋይ አምዶች አጥንተው፣ እንደ ዛፍ ቀለበት በየዓመቱ የሚደራረቡ ንጣፎችን ከአካባቢው የዝናብ ታሪክ ጋር አያይዘዋል። ይህን ያህል የተጻፈበትን ቦታ በፎቶግራፍ የሚያውቀው ከተሜ ምን ያህል ነው? ወደ ውስጥ ስትገቡ ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ከሌንሱ አጠገብ የሚወጣ ፍላሽ በአየሩ ላይ ያለውን እርጥበትና አቧራ አብርቶ ነጭ ጭጋግ ብቻ ያስቀርላችኋል፤ አምዱም ጠፍጣፋ ግድግዳ ይመስላል። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፉት፣ የሌሊት አነሣሥን ምረጡ፣ አብሯችሁ ያለው ሰው ባትሪውን ከጎን ያብራ። ያን ጊዜ ድንጋዩ ቅርጽ ያወጣል። አምዱን በእጃችሁ አትንኩ፤ የቆዳ ቅባት ያበላሸዋል፤ ሺህ ዓመት የፈጀውን ለአንድ ፎቶ ብላችሁ አትጉዱት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። በአገራችን ካሜራ ማውጣት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሳነሣ አንድ ታጣቂ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

‹‹ወንድም፣ ማን ፈቅዶልህ ነው?››

‹‹መከልከሉን አላወቅሁም።››

‹‹ታዲያ ለምን ታነሣለህ?››

ለዚህ ጥያቄ በየትኛውም የትምህርት ደረጃ መልስ አልተማርሁም። ግማሽ ሰዓት አቁሞ ሁሉንም አስጠፋኝና በትሕትና አሰናበተኝ። (ለጀማሪ ይጠቅማልና ልንገራችሁ፦ ከካሜራ ሜሞሪ ካርድ ላይ የጠፋ ፎቶ ወዲያው አይሞትም፤ ቦታው ባዶ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ በኮምፒዩተር ሊመለስ ይችላል። በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ፎቶ አለማንሳት ነው ዋናው። የስልክ ውስጥ ማኅደር ግን እንዲህ አያዝንም።)

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፦ ሰውየው የታወቀ ወይም የመንግሥት ሹመት ያለው ሲሆን፣ ፎቶግራፉ ለፍትሕ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ሲያስፈልግ፣ ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ሲያያዝ። ስትመረምሩት ሚዛኑ የሚገርም ነው፤ ሹሙን ለካሜራ ያጋልጣል፣ ገበሬውን ይጠብቃል። በተግባር የምናየው ግልባጩን ነው። ሹሙ ጥሩ ያልወጣውን ፎቶ ያስጠፋል፤ የገበሬዋ ፊት ግን ሳትጠየቅ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በረድኤት ድርጅት መጽሔት፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህ ጀማሪው ይጠይቅ። ቋንቋ ባይኖረው ካሜራውን ከፍ አድርጎ ዐይን ለዐይን መተያየት ይበቃል፤ እጇን ካወዛወዘች አልፈቀደችምና ይለፋት።

ሁለተኛው ግዴታ መግለጫ መጻፍ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሌላ አገርና በሌላ ዓመት የተነሡ ሥዕሎች ‹‹ትናንት እዚህ የተፈጸመ›› እየተባሉ ሲዘዋወሩ አይተናል፤ ሐቅቼክን የመሰሉ አጣሪዎች ሌት ተቀን ሲያጋልጡ ከረሙ። የሐሰቱ ሥዕል ሬሳ እንዳልነበረ ሲታወቅ እውነተኛውም ሬሳ አብሮ ተካደ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ቀኑና ቦታው ያልታወቀ ፎቶግራፍ ለውሸታም የተሰጠ ባዶ ቼክ ነው። የካሜራችሁን ሰዓትና ቀን አስተካክሉ፤ ባትሪው ሲያልቅ ወደ ፋብሪካው ቀን የሚመለስ ብዙ ነው። ማሽኑ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ እኛ ‹‹ሦስት ሰዓት›› የምንለውን እሱ ዘጠኝ ይለዋል፤ ከዓመታት በኋላ ይህች ስድስት ሰዓት ምስክርን ከምስክር ታጣላለች። በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ መጠኑ ይቀንሳል፣ ከውስጡ ያለው የቀንና የካሜራ መረጃም ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን ይቆያል። ይህ በሁለት በኩል የተሳለ ቢላዋ ነው፤ ማስረጃ ለሚልክ ፋይል ይሻላል፤ የቆመበት ቦታ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው ግን መጥፋቱን ይመርጣል።

የእንግሊዝ መሐንዲሶች በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ሲዘልቁ መንገዱን ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። መልክዐ ምድሩን ለማጥናት ብለው አልነበረም፤ ለወታደራዊ ሥራ ነው። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጅጋዊው ያን ኒሰንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ እነዚያን ሥዕሎች ይዘው፣ ካሜራው የቆመበትን ቦታ እየፈለጉ መልሰው አነሡ። ውጤቱ የብዙዎቻችንን ግምት ገለበጠ፤ በትግራይ ደጋ ያነጻጸሯቸው ቦታዎች በጥቅሉ ከ1860 ይልቅ ዛፍና ቁጥቋጦ በዝቶባቸው ተገኙ። እየተራቆተ ብቻ ይሄዳል ያልነው አገር የተተከለበትና የተከተረበት ቦታ ሊያገግም እንደሚችል የመሰከረው የአንድ ወራሪ ጦር ካሜራ ነው።

አሁን መቻራን ተመልከቱ። በሐረርጌ ደጋዎች ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት መትከሉ ሁላችንም የምናወራው ነገር ነው። ገበሬው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ይገባኛል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ ይገባል፤ ቡና ግን ዓመት ያስጠብቃል፣ ዋጋውም ሌላ ሰው እጅ ነው። መቻራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለባት፤ የቡናው ጥናት እዚያ ይሠራል። ግን ከሃያ ዓመት በፊት ይህ ኮረብታ ምን ይመስል ነበር ብዬ ሽማግሌዎችን ስጠይቅ ‹‹ሁሉ ቡና ነበር›› ይሉኛል፤ ወጣቶቹ ‹‹ድሮም ጫት ነበር›› ይላሉ፤ የሚያስታርቅ ሥዕል የለም። ስለዚህ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆሜ ኮረብታውን አነሣሁት፤ የቆምሁበትን ቦታ ለይቼ ጻፍሁ፤ በየዓመቱ በኅዳር ወር እዚያው ቆሜ ላነሣው ወሰንሁ። ይህን ለማድረግ ተሰጥዖ አያስፈልግም። ጀማሪ ከባለሙያ እኩል የሚሠራው ሥራ ነው፤ የሚጠይቀው ተመልሶ መምጣትን ብቻ ነው። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ አንድ አንድ መምህር እንዲህ ቢያደርግ የሚሰበሰበውን ክምችት አስቡት። ጭሮ ራሷ አሰበ ተፈሪ ተብላ ስትቆረቆር በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አማካይነት መንገዷ ተለክቶ የተነደፈች ከተማ ናት፤ ንድፉ ዛሬ ምን እንደ ቀረለት የሚያሳይ ተከታታይ ሥዕል ማን ይዟል?

ስለ ሌላው ምክንያት እነግራችኋለሁ ብያለሁ። አባቴ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፍ ለሐዘን ቤቱ የሚሆን ፎቶ ተፈለገ። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከግንባሩ ላይ የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም አለ። ፎቶ ቤቱ አሳደገውና ሰማያዊው ቅስትም አብሮ አደገ፤ ልቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አባቴን ማኅተም እንደ ተመታበት ተሰናበተው። በዚያን ጊዜ እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ከሄድሁበት አገር የገዛሁት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ከነበረኝ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። በውስጡ ፏፏቴ አለ፣ ሐውልት አለ፣ የምረቃ ካባ አለ፣ የማላስታውሳቸው ሰዎች ያሉበት የሴሚናር አዳራሽ አለ። አባቴ የለም። ሲነሣ ይደነግጣል፣ አያምርበትም፣ ሌላ ቀን እያልሁ ነው የቀረው።

ለዚህ ነው የቡና ሻጭዋን ፎቶ ጭሮ ወስጄ ያሳተምሁት። በጥር ስመለስ እዚያው ሸራ ሥር አገኘኋት። ስድሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ‹‹እናቴ፣ ይኸው ሱራዎት›› ብዬ ሰጠኋት። ተቀብላ ከብርሃኑ ወደ ጥላው ዞር አደረገችው፤ እኔ ሳነሣት ያላወቅሁትን እሷ ለማየት ታውቀዋለች። ጎረቤቶቿ ተሰበሰቡ፤ አንዷ ሳቀች፤ እሷ አልሳቀችም።

‹‹ሌላው ሰው ይወስዳል እንጂ አያመጣም፤ አንተ ግን አመጣህልኝ፣ ልጄ›› አለችኝ። ቀጥላም ገልብጣ ጀርባውን አየችና ባዶ መሆኑን ስታውቅ መለሰችልኝ። ማንበብ አትችልም፤ ሆኖም ልጆቿ ስለሚያነቡት ቀኑን እንድጽፍበት ፈለገች። እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ ስሟን ጠየቅኋት፤ እየደጋገመች ነግራኝ ጻፍሁት፤ ከሥሩም ‹‹መቻራ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.›› ብዬ ጨመርሁ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበትና ገንዘቧን ከምትቋጥርበት ጨርቅ ውስጥ አስገብታ ቋጠረችው።